የኦቲዝም ምዘና በጎንደርና በሰሜን ጎንደር፡ ከጤና ኬላ ሊጀምር የሚገባው ጉዞ

አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ሲቀር በጎንደር ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ወላጆች ከዘመድና ከጎረቤት አስቀድመው የሚሰሙት ማጽናኛ ነው። «ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ይፈታል»፣ «አባቱም በልጅነቱ እንዲሁ ነበር»፣ «ጨዋ ስለሆነ ነው» ይባላል። ማጽናኛው ከቅንነት የመነጨ ነው፤ አልፎ አልፎም እውነት ሆኖ ይገኛል። ይሁንና ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ያየውን ነገር ለእናቱ በጣቱ የማያሳይ፣ ዱላ እንደ ፈረስ የማይጋልብና ከእኩዮቹ ጋር እቃ እቃ የማይጫወት ከሆነ፣ በማጽናኛው የሚያልፈው ጊዜ ለልጁ እድገት እጅግ አስፈላጊ የሆነው ጊዜ ነው።

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕጻንነት ጀምሮ የሚታይ ሁኔታ ሲሆን፣ በማኅበራዊ ግንኙነት፣ ሐሳብን በመግለጽና በመረዳት እንዲሁም በሚደጋገሙ ድርጊቶች ይገለጻል። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት የሕጻናት የስነ አእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ሕጻናትን ሁኔታ በዝርዝር ከጻፉ ወዲህ በዘርፉ ብዙ ነገር ተለውጧል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ኦቲዝም በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይታወቅም። የሚታወቀው የሠለጠነ ባለሙያ ስለ ልጁ አስተዳደግ ወላጆችን በዝርዝር ጠይቆ፣ ልጁን በጨዋታ ላይ ተመልክቶና የመስማት ችሎታው መፈተሹን አረጋግጦ በሚደርስበት ውሳኔ ነው። ምዘና የሚባለውም ይኸው ነው። ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ወላጅ በአብዛኛው የሚጠብቀው የላቦራቶሪ ውጤት በመሆኑ፣ ባለሙያው ጠይቆና ተመልክቶ ብቻ ሲያሰናብተው «ምንም አላገኙበትም» ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይህን ልዩነት ለወላጅ ማስረዳት ራሱ የአገልግሎቱ አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

የጉዳዩ ስፋት ለዕቅድ ባለሙያዎች ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ማዕከላዊ፣ ሰሜንና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ከመከፈሉ በፊት፣ የጎንደር ከተማን ጨምሮ 2 ሚሊዮን 929 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው። የድርጅቱ ግምት በዚህ ቁጥር ላይ ቢሰላ ከ23 ሺህ የማያንስ ሰው ይመጣል። ይህ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ሆኖም ለአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጥያቄው «በወረዳችን ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለ ወይ?» የሚል ሳይሆን «ያሉት የት ናቸው?» የሚል መሆን እንዳለበት ለማሳየት በቂ ነው።

የት እንዳሉ ለማወቅ ደግሞ አንድ ወላጅ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ደጋ የምትነሳ እናት መጀመሪያ የምታገኘው ተቋም የቀበሌዋ ጤና ኬላ ነው። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይመጣል። የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ከሆነችው ደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ በላይ ያሉት የሰሜን ተራራ ቀበሌዎች ደግሞ ከመኪና መንገድ የሚደርሱት በእግር ወይም በበቅሎ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ መድረሱ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር ለአንድ የሕክምና ቀጠሮ ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስን ይበልጥ ከባድ አድርጎታል።

በዚህ መንገድ ላይ ወላጁን የሚያቆመው ርቀት ብቻ አይደለም። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አሠራር አባሉ የመድኑን ሙሉ ተጠቃሚነት የሚያገኘው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈራሉን ቅደም ተከተል ሲጠብቅ ነው። ስለሆነም የሪፈራሉ ወረቀት ለገጠር ቤተሰብ ከገንዘብ የማይተናነስ ዋጋ አለው። ልጁ ግን ትኩሳት የለውም፤ ክብደቱም ጥሩ ነው፤ ክትባቱንም ወስዷል። ይህን የተመለከተ የጤና ባለሙያ በወረቀቱ ላይ ምን ብሎ ይጽፋል? ምልክቶቹን ያልተማረ ባለሙያ «ልጁ ጤነኛ ነው» ብሎ ቢመልሳቸው ሊፈረድበት አይገባም፤ የሠለጠነው ለሳንባ ምች፣ ለተቅማጥና ለምግብ እጥረት ነውና። መንገዱ የሚቋረጠው ግን እዚሁ ላይ ነው። በጎንደር ስንት ስፔሻሊስት አለ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም፣ ስፔሻሊስቱ ዘንድ የሚያደርሰው ወረቀት ከታች ካልተጻፈ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

በአገሪቱ የኦቲዝም አገልግሎት ታሪክ ይህን ክፍተት በመጀመሪያ የሞሉት ወላጆች ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፍተዋል። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት እስከተለዩ ድረስም በሚዲያና በመንግሥት መድረኮች ጉዳዩን ሲያስረዱ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በአዲስ አበባ የሚገኝ ነው። ሁለቱም ለብዙ ቤተሰቦች መጠጊያ ሆነዋል። በአንጻሩ የሁለቱም አድራሻ ዋና ከተማዋ በመሆኑ፣ ከዳባት ወይም ከአዲ አርቃይ ለሚነሳ አርሶ አደር «አዲስ አበባ ውሰደው» ማለት «ተወው» ከማለት ብዙም አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ክሊኒክ የደረሱት ወላጆች ምን እንደሚያስቡ አሳይቷል። በአዲስ አበባ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ለልጆቻቸው ከሚያስገኙ 102 አሳዳጊዎች መካከል 45 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ ሐፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ገልጸዋል። 40 በመቶው ምክንያቱ የመንፈስ ልክፍት ነው ብለው ያስባሉ፤ ሌሎች በጭንቅላት ላይ የደረሰ ጉዳትን ወይም በወሊድ ጊዜ ያጋጠመ ችግርን ይጠቅሳሉ። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ የመጡ፣ ለዚያውም የዋና ከተማ ክሊኒክ የደረሱ መሆናቸው ነው። በሌላ በኩል «ምን ጎደላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ 74.5 በመቶ የሚሆኑት የመለሱት የልጃቸውን ትምህርት ነው፤ በባለሙያ መታከም ያሉት 47.1 በመቶ ናቸው። ወላጅ ምዘናን የሚፈልገው የበሽታ ስም ለማግኘት ብሎ አይደለም፤ ልጁ የሚማርበትን በር ለመክፈት ነው። የጤናና የትምህርት ቢሮዎች ጉዳዩን እየተከፋፈሉ የሚያቅዱ ከሆነ ይህ ፍላጎት በሁለቱ መካከል ወድቆ እንደሚቀር ጥርጥር የለውም።

የባለሙያ እጥረቱ እውነት ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል፤ የስነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በሕጻናት ላይ ብቻ የሚሠሩት ደግሞ በጣም ጥቂት ናቸው። እያንዳንዱ ዞን የሕጻናት የስነ አእምሮ ስፔሻሊስት እስኪያገኝ መጠበቅ ማለት አሁን የሁለት ዓመት ልጅ የሆነው ጎልማሳ እስኪሆን መጠበቅ ነው።

ጎንደር ይህን መሰል ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ መልሳለች። በደምቢያ ሜዳ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ የገጠሩን የጤና አገልግሎት ባዶነት ባጋለጠበት ወቅት፣ አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች በጣም ጥቂት ነበሩ። መፍትሔ የተደረገው ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር ጤና ኮሌጅን ከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች መላክ ነበር። ዛሬ በመላ አገሪቱ የሚሠሩት ጤና መኮንኖች የዚያ ውሳኔ ውጤት ናቸው። ሐኪሙ ብቻ ይሠራው የነበረውን ሥራ በከፊል ለሌላ ሠልጣኝ ማካፈል ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከዚህች ከተማ የተነሳ አሠራር ነው ቢባል ይቀላል።

ኮሌጁ ያደገበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ አቅሞች አሉት። የስነ አእምሮ ትምህርት ክፍል አለው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ጤና የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ፕሮግራሙ አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸው ሄዶ ይደግፋል። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በመሠረተው ትብብርም በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ጀምሯል። ይህ ሙያ ልጁ ልብስ እንዲለብስ፣ እንዲመገብ፣ ድምፅና ጩኸት እንዲለምድ፣ በአጠቃላይ የዕለት ኑሮውን በራሱ እንዲያከናውን የሚያግዝ በመሆኑ ከኦቲዝም አገልግሎት ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። እነዚህ አቅሞች በአንድ ከተማ የሚገኙ ሆነው ሳለ በየክፍላቸው ተለያይተው ቢቀሩ ከወላጁ አንጻር እንደሌሉ የሚቆጠሩ ናቸው። የአእምሮ ሐኪሙ፣ የሕጻናት ሐኪሙ፣ የጆሮ ሐኪሙና ቴራፒስቱ በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን በአንድ ክፍል ልጆችን በጋራ ቢያዩ፣ ከሩቅ የመጣው ቤተሰብ በአራት ቀጠሮ የሚጨርሰውን በአንድ ቀን ይጨርሳል።

የታችኛው ጫፍ ደግሞ ከጤና ኬላው ይጀምራል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እያንዳንዱን እናት በስም የሚያውቅ ባለሙያ በየቀበሌው አስቀምጧል። ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በ15 ወር መሰጠት ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት በዘጠነኛው ወር ያበቃ የነበረው የክትባት ግንኙነት ተራዝሟል። ቫይታሚን ኤም በየስድስት ወሩ እስከ አምስት ዓመት ይሰጣል። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው የኦቲዝም የመጀመሪያ ደረጃ ልየታ መጠይቆች አንዱ ደግሞ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕጻናት የተዘጋጀ ሆኖ፣ ወላጅ «አዎ» ወይም «አይደለም» እያለ የሚመልሳቸው 20 ጥያቄዎች ናቸው። ጊዜው ከነባሩ የጤና ቀጠሮ ጋር ይገጣጠማል ማለት ነው። ልጁ 18 እና 24 ወር ሲሞላው ለቫይታሚን በሚመጣበት ዕለት አምስትና ስድስት ጥያቄ መጠየቅ አዲስ ሕንጻም ሆነ አዲስ የሥራ መደብ አይጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በልጆች እድገት መዛባት ላይ አጭር ሥልጠና ሲሰጣቸው በጉዳዩ ላይ ያላቸው የተዛባ አመለካከት እንደሚቀንስ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደ ጥናት አሳይቷል። ለእነርሱው ተብለው የተዘጋጁ የሥልጠና ጽሑፎችና ቪዲዮዎችም አሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ልየታ ምዘና አለመሆኑ ነው። በጥያቄዎቹ ከተለዩት ሕጻናት መካከል ብዙዎቹ ኦቲዝም የሌለባቸው፣ ይልቁንም በጆሮ ሕመም የመስማት ችግር ያጋጠማቸው ወይም ንግግር ብቻ የዘገየባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በጤና ኬላ ደረጃ «ልጅሽ ኦቲዝም አለበት» ተብሎ የሚነገር ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። ከላይ ያለው የምዘና ቀን ሳይዘጋጅ ከታች ልየታ መጀመርም ወላጅን አስጨንቆ መተው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከጎንደር ወደ ቀበሌ እንጂ የተገላቢጦሽ መሆን አይገባውም።

ሁለተኛው ከክትባት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት 12 ሕጻናትን መነሻ ያደረገ ጽሑፍ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ለማገናኘት ሞክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች በተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶች ግንኙነት የሚባል ነገር አልተገኘም፤ መጽሔቱም ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። ወሬው ግን ከጽሑፉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። የኦቲዝም ምልክቶች ለወላጅ ጎልተው የሚታዩበት ዕድሜና የኩፍኝ ክትባት የሚሰጥበት ዕድሜ መቀራረቡ ብቻ ለጥርጣሬ ይበቃል። ልየታው በክትባት ቦታ ሲካሄድ ይህ ጥርጣሬ እንዳይባባስ ባለሙያዋ መልሱን አስቀድማ ማወቅ አለባት። ካለበለዚያ በአንዱ እጅ የተሠራውን በሌላው ማፍረስ ይሆናል።

የመመዘኛ መሣሪያዎቹም እንዳሉ ተወስደው የሚሠራባቸው አይደሉም። ከታወቁት አንዱ በሆነው አዶስ በተባለው የምዘና ዘዴ፣ ባለሙያው ከልጁ ጋር የአሻንጉሊት ልደት በሻማና በኬክ እያከበረ የልጁን ምላሽ የሚመለከትበት ክፍል አለ። የልደት ኬክ አይቶ የማያውቅ የበየዳ ልጅ በዚህ ጨዋታ ዝም ቢል ዝምታው ስለ ኦቲዝም የሚናገረው ጥቂት ነው። በተቃራኒው ልጁ ጭቃ ጋግሮ «እንጀራ» ብሎ ለእናቱ የማያቀርብ መሆኑ ብዙ ይናገራል። የዓይን ለዓይን መተያየትም እንዲሁ ነው። በአካባቢው ባህል ትልቅ ሰውን ትክ ብሎ የማያይ ልጅ ጨዋ ይባላል። ስለሆነም ባለሙያው መመልከት ያለበት ልጁ እንግዳን ማየት አለማየቱን ሳይሆን፣ ከእናቱ ጋር ሲስቅና ሲጫወት ምን እንደሚያደርግ ነው። ይህንን የማስማማት ሥራ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ሊሠራው የሚችል ተቋም ማግኘት ይከብዳል።

ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊታለፍ የማይችል ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ቤተሰብ ልጁን በመጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጸበል ነው። ይህን እንደ እንቅፋት ብቻ መመልከት ስህተት ይሆናል፤ ቤተሰቡ ችግሩን አምኖ መንቀሳቀሱን የሚያሳይ ነውና። የኤችአይቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት በጀመረበት ወቅት ጸበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሕይወት ይቀጥፍ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መግለጻቸው ይታወሳል። በጎንደር ዙሪያ ያሉ የጸበል ቦታዎች አገልጋዮች «ጸበሉንም ተጠመቁ፣ ልጁንም ለሐኪም አሳዩ» ቢሉ፣ አንድ ሺህ በራሪ ወረቀት የማይሠራውን ይሠራሉ። መታሰብ ያለበት ሌላ ጉዳይ፣ ልጁ በጸበል ቦታ ለወራት እንዲቆይ፣ እንዲታሰር ወይም እንዲጾም ሲደረግ የሚደርስበት ጉዳት ነው። ይህ የሕጻናት ጥበቃ ጉዳይ ስለሆነ የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ መዋቅር ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ጋር ተመካክሮ ሊከታተለው ይገባል።

ከምዘናው በኋላ ምን? ለኦቲዝም የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ውጤት የሚያመጣው ልጁን በየዕለቱ ማስተማርና ማግባባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች ወላጆች በዘጠኝ የቡድን ስብሰባና በሦስት የቤት ጉብኝት የሚሰጥ ሲሆን፣ አሠልጣኞቹ ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅባቸውም። በኢትዮጵያም ከአገሪቱ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ ተሞክሯል። ወላጆቹ የሚማሩት ልጁን በሚወደው ጨዋታ በኩል መቅረብን፣ ምግብ ሲበስል ወይም ልብስ ሲታጠብ ማሳተፍን፣ ሲቆጣ ምክንያቱን መፈለግን ነው። ይህ ለደባርቅም ለማክሰኝትም የሚሠራ ነው።

የሕግ መሠረቱም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞችና ለአእምሮ ሕሙማን አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 25 ችግሩን ቀድሞ መለየትንና ቀድሞ መደገፍን በጤና አገልግሎት ውስጥ በስም ይጠቅሳል። ስለሆነም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለዚህ ሥራ በዕቅዱ ላይ መስመር ቢይዝ በጎ አድራጎት እየሠራ አይደለም፤ የተጣለበትን ግዴታ እየተወጣ ነው።

የጎንደሩ የምዘና ውጤት በመጨረሻ የሚደርሰው ግን ለትምህርት ቤት ነው። «ኦቲዝም አለበት» የሚል ወረቀት ይዛ ወደ ወረዳዋ የተመለሰች እናት፣ የቀበሌዋ ርዕሰ መምህር «እንዲህ ዓይነት ልጅ የምንቀበልበት ክፍል የለንም» ቢላት ሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። የወረዳው ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በየዓመቱ ከነሐሴ ምዝገባ በፊት አንድ ጊዜ ተቀምጠው፣ በዚያ ዓመት የተመዘኑት ልጆች እነማን እንደሆኑ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀበላቸውና የልዩ ፍላጎት መምህሩ ማን እንደሆነ በስም ቢወስኑ፣ እናቲቱ ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ የሚጠብቃት መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ይሆናል።